እስከ ትልሙ ጫፍ

(የሰኔ ጠዋት፣ በሞላው ገርዳ ወንዝ ዳር፤ ከሳሹ ሽማግሌ አያ ጓንጉልና ተከሳሹ ጎልማሳ አንዳርጌ፣ በዚያ ዘመን ወግ ቁራኛ ሆነው፣ የኩታቸው ጫፍ በአንድ ተቋጥሮ፣ ማዶ ዋርካ ሥር ወደሚያስችለው ዳኛ እየሄዱ ነው።)

አንዳርጌ፦ ይነሱ እንጂ አያ ጓንጉል! እንሻገር።

ጓንጉል፦ አልሻገርም አልኩህ። ቁጭ በል።

አንዳርጌ፦ እኔ ቁጭ ብል ፀሐይዋ ቁጭ አትልልን። ዳኛው ምን አሉ? እኩለ ቀን ሳይሆን ቅረቡ፣ ከሳሽ ካልቀረበ ክሱ ወደቀ።

ጓንጉል፦ የተባለውን አውቃለሁ። አትጎትተኝ። ኩታዬን ልትቀድደው ነው።

አንዳርጌ፦ እኔ መች ጎተትኩ? እርስዎ ወደ ኋላ ሲሉ ነው የሚወጠረው።

ጓንጉል፦ ወገቤን ነው የምትጎትተው። ቀስ በል።

አንዳርጌ፦ ወገብዎ ደግሞ ምን ሆነ?

ጓንጉል፦ የቆየ ነው። ከባድ ነገር አንስቼ።

አንዳርጌ፦ ትናንት ባደርንበት ቤት ሦስት ጊዜ ቀስቅሰው ደጅ ሲያስወጡኝ ወገብ የሚባል ነገር አላነሱም።

ጓንጉል፦ ሽማግሌ ነኝ፣ ምን ላድርግ? ቁራኛ ሆኜ ብቻዬን ልወጣ?

አንዳርጌ፦ እኔማ ምን አልኩ? ብርድ ላይ ቆሜ፣ ፊቴን አዙሬ ጠበቅኩዎት። ለሚስቴም እንዲህ ታግሼ አላውቅ።

ጓንጉል፦ አንተስ ስታንኮራፋ ማን ቻለህ? ጭቃ ሹሙ ኩታችንን ሲቋጥር ጆሮዬንም ከአፍንጫህ ጋር ቋጥሮታል።

አንዳርጌ፦ ዛሬ ይገላገሉኛል። ዋርካው ያው ይታያል። ሰዉም መሰብሰብ ጀምሯል። ይነሱ።

ጓንጉል፦ ውሃውን ተመልከተው። ላይኛው አገር ሲዘንብ አድሯል። አተላ መስሏል፣ ቅርንጫፍ እየነዳ ነው።

አንዳርጌ፦ ከማለዳ ጀምሮ እያዩት ነው። ምን አለዎት?

ጓንጉል፦ ቆይ አለኝ።

አንዳርጌ፦ እኔን ደግሞ ቶሎ በል ይለኛል።

ጓንጉል፦ አንድ ነገር ልጠይቅህ?

አንዳርጌ፦ እየተሻገርን ይጠይቁኝ።

ጓንጉል፦ እዚሁ ነው የምጠይቅህ። በዕድሜዬ ብዙ ቁራኛ አይቻለሁ። ከፊት የሚሄደው ሁልጊዜ ከሳሽ ነው። ተከሳሽ እግሩን ይጎትታል። እሾህ ወጋኝ ይላል፣ ሆዴን ቆረጠኝ ይላል፣ በየጥላው ይቀመጣል። አንተ ግን ከትናንት ጀምረህ ከፊቴ ነህ። ብንዘገይ የምሸነፈው እኔ፣ የምትጠቀመው አንተ። ምን ያስቸኩልሃል?

አንዳርጌ፦ ዘር አልዘራሁም። ሰኔ አይደል?

ጓንጉል፦ ዘርህን ወንድምህ ይዞ ሲወጣ አይቻለሁ። አትዋሸኝ።

አንዳርጌ፦ እንኩ፣ ቆሎ ይብሉ። የተራበ ሰው ነገር ያበዛል።

ጓንጉል፦ ጾም ነው።

አንዳርጌ፦ የሰኔን ጾም እንኳን ገበሬው ቄሱም እያቃሰቱ ነው የሚጾሙት።

ጓንጉል፦ እኔ ሳላቃስት እጾማለሁ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀምስም፣ ውሃም አልቀምስም።

አንዳርጌ፦ ለሆድዎስ ልጓም አበጅተዋል።

ጓንጉል፦ ለምኔ ነው ያላበጀሁት?

አንዳርጌ፦ እኔ ምን አልኩ? ቆሎዬን እየቆረጠምኩ ነው።

ጓንጉል፦ ተናገር እንጂ! ትጀምርና መልሰህ ትውጠዋለህ። አባትህም እንዲሁ ነበር።

አንዳርጌ፦ አባቴን ከዚህ ያውጡት።

ጓንጉል፦ ክፉ አላልኩም። አስረስ ጨዋ ሰው ነበር።

አንዳርጌ፦ ጨዋ! ሰፈሩ ምን ብሎ ይጠራው እንደነበር ረሱት? ቁሜ። አስረስ ቁሜ። ልጆች አጥር ሥር ተሸሽገው "በሕግ አምላክ!" ብለው ይጮሁበታል፣ እሱ እውነት መስሎት መንገድ መሃል ቀጥ ይላል። ውሃ የተሸከሙ ሴቶች ሳይቀሩ ይስቁበት ነበር። እኔንስ ምን ይሉኛል? የቁሜ ልጅ።

ጓንጉል፦ እኔ ብዬህ አላውቅም።

አንዳርጌ፦ እርስዎማ ለምን ይላሉ? ስሙን ያወጡለት ራስዎ ነዎት። ሌላው የጠራው ብቻ ነው።

ጓንጉል፦ አንዳርጌ፣ አፍህን ያዝ።

አንዳርጌ፦ ይዤው ነው የኖርኩት።

ጓንጉል፦ የተከሰስክበትን ነገር እንዳትረሳ። ወሰኔን አልፈህ ገባህ። ግራሯ ሥር ያለችውን ቁራጭ ማረስ ጀመርክ። እኔ ደጄ ላይ ቆሜ "በሕግ አምላክ ቁም!" አልኩህ። አንድ ጊዜ አይደለም፣ ሦስት ጊዜ። ይህ ቃል ሲጠራ የሚሮጥ ሌባ ይቆማል። ለመምታት የተነሳ ዱላ አየር ላይ ይቀራል። አንተ ግን በሬዎችህን ገርፈህ ሄድክ። እስከ ትልሙ ጫፍ!

አንዳርጌ፦ እስከ ጫፉ።

ጓንጉል፦ አልሰማሁም አትልም መቼም።

አንዳርጌ፦ ሰምቻለሁ። ሦስቱንም ሰምቻለሁ።

ጓንጉል፦ ዳኛው ፊትም እንዲሁ ትላለህ?

አንዳርጌ፦ እንዲሁ እላለሁ። ሰምቼ አልቆምኩም እላለሁ።

ጓንጉል፦ ትገረፋለህ እኮ! ትታሰራለህ!

አንዳርጌ፦ ልገረፍ።

ጓንጉል፦ ጤና የለህም?

አንዳርጌ፦ ከመገረፌ በፊት ዳኛው አንድ ነገር ይጠይቁኛል። "ለምን አልቆምክም?" ይሉኛል። እሷን ጥያቄ ነው የምፈልጋት። እስከ ዛሬ ማንም አልጠየቀኝም።

ጓንጉል፦ ቆይ። ቆይ እስቲ። እንድከስህ ነው ያልቆምከው?

አንዳርጌ፦ ሌላ መንገድ አጣሁ።

ጓንጉል፦ ራስህ አትከስም ነበር?

አንዳርጌ፦ ምን ብዬ? አባቴ ሞቷል። የወሰን ድንጋይ አይናገርም። የሰፈሩ ሽማግሌዎች የእርስዎ ባልንጀሮች ናቸው። ጭቃ ሹሙ ዘንድ ስንት ጊዜ ሄድኩ መሰልዎት? "አባትህ ዝም ያለውን አንተ አትቀስቅስ" እያለ መለሰኝ። እርስዎ ሲጮሁ ግን ያንኑ ዕለት ኩታችን ተቋጠረ።

ጓንጉል፦ አስበህበታል።

አንዳርጌ፦ አራት ዓመት።

ጓንጉል፦ አስረስ ቢኖር ያፍርብህ ነበር። ያን ቃል አክብሮ የኖረ ሰው ነው።

አንዳርጌ፦ አክብሮ ኖሯል። እስቲ እንቁጠረው። መጀመሪያ የአንበጣው ዓመት ነው። እርስዎ ጠሩ፣ አባቴ ቆመ። ዳኛ ፊት እስክንቀርብ አላርስም አለ። እርስዎ ዳኛ ዘንድ ሄዱ?

ጓንጉል፦ ያን ዓመት ማን ዳኛ ዘንድ ሄደ? አገሩ ሁሉ እህል ፍለጋ ተበትኖ ነበር።

አንዳርጌ፦ ይሁን። ሁለተኛው፣ እኔ ጅራፍ መያዝ የጀመርኩበት ዓመት ነው። ከኋላው ነበርኩ። ጠሩት፣ ቆመ። ያኔስ ሄዱ?

ጓንጉል፦ አልሄድኩም።

አንዳርጌ፦ እሱ ዛሬ ይጠሩኛል ነገ ይጠሩኛል ብሎ ሲጠብቅ፣ እርስዎ በሳምንቱ ገብተው አረሱት። በማን በሬ አረሱት?

ጓንጉል፦ ይህን ተወው።

አንዳርጌ፦ በማን በሬ?

ጓንጉል፦ አንድ አንድ በሬ ነበር ያለን። ተቀናጅተን ነበር የምናርሰው። የእኔ ቡሬ፣ የእሱ ዳልቻ።

አንዳርጌ፦ የአባቴን መሬት በአባቴ በሬ አረሱት።

ጓንጉል፦ ከልክሎኝ አያውቅም። ሰኞ የእሱ ቀን ነው፣ ማክሰኞ የእኔ። ማክሰኞ ማክሰኞ ዳልቻን ራሱ እየነዳ ደጄ ያመጣልኝ ነበር። ደህና አደርክ ይለኛል፣ ገመዱን ያቀብለኛል፣ ይሄዳል። ምን ብዬ ልመልሰው?

አንዳርጌ፦ "በሕግ አምላክ ቁም" ብለው።

ጓንጉል፦ ምላስህ ትቆርጣለች።

አንዳርጌ፦ ሦስተኛውን ልንገርዎ?

ጓንጉል፦ አውቀዋለሁ።

አንዳርጌ፦ አያውቁትም። እርስዎ ከደጅዎ ሆነው ነው ያዩት፣ እኔ አጠገቡ ነበርኩ። አንድ እግሩ ትልም ውስጥ ነው፣ ሁለተኛውን አንስቷል። ሲጠሩት ያነሳውን እግር አላወረደውም። እርፉን እንደያዘ፣ በአንድ እግሩ፣ ወዲህ ወዲያ ማለት ጀመረ። እኔ ነኝ በትከሻዬ የደገፍኩት። በሬዎቹን እዚያው ፈታ። ቡሬን ወስዶ ደጅዎ አሰረልዎት። ሞፈሩን ተሸክሞ ገባ። እናቴ "ምነው በጊዜ ገባህ?" ስትለው "ስሙ ተጠራ" አላት። ሌላ አልተናገረም። ክረምቱን ተኛ። መስከረም ላይ ቀበርነው።

ጓንጉል፦ ቀብሩ ላይ ነበርኩ።

አንዳርጌ፦ ነበሩ። ሰዉ አፈር ሲያለብስ እርስዎ ወገቤን ብለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

ጓንጉል፦ አይተሃል?

አንዳርጌ፦ አይቻለሁ።

ጓንጉል፦ ስማኝ ልጄ። እንመለስ።

አንዳርጌ፦ ልጄ ደግሞ ሆንኩ? ትናንት ወሮበላ ነበርኩ።

ጓንጉል፦ እንመለስና ሽማግሌ ይቀመጥ። ወንዙ ሞልቷል፣ እኔም ዋና አላውቅም፣ ዳኛውም አይፈርዱብን። ታርቀናል እንበልና ጭቃ ሹሙ ቋጠሮውን ይፍታልን። ክሴን አነሳለሁ። ጅራፍ የለ፣ እስራት የለ።

አንዳርጌ፦ መሬቷስ?

ጓንጉል፦ እንደነበረች ትሆናለች።

አንዳርጌ፦ ወሰኑስ?

ጓንጉል፦ እንደነበረ ይሁን።

አንዳርጌ፦ የትኛው ጊዜ እንደነበረው?

ጓንጉል፦ አንተ ሰው አታስተነፍስም።

አንዳርጌ፦ ከአባቴ ጋርማ ሲታረቁ ኖረዋል። በየፋሲካው ጉንጭ ለጉንጭ ይሳሳማሉ፣ በየሰኔው ወሰኑ ይራመዳል። እኔ መታረቅ አልፈለግኩም። በዳኛ መጠየቅ ነው የምፈልገው።

ጓንጉል፦ ዱላ ብታነሳብኝ ይሻለኝ ነበር።

አንዳርጌ፦ እናቴ አባቴ መቃብር ላይ አስምላኛለች። በጓንጉል ላይ ዱላ እንዳታነሳ ብላ። ስንት ጊዜ ምንጩ ጋ ብቻዎን አግኝቼዎት ዞሬ እንደሄድኩ እርስዎ አያውቁም።

ጓንጉል፦ አውቃለሁ። ዱላህን ከቀኝ ትከሻህ ወደ ግራ ታዛውራለህ፣ ከዚያ ትዞራለህ።

አንዳርጌ፦ ያዩኝ ነበር?

ጓንጉል፦ አይሃለሁ እንጂ። ጀርባዬን ሰጥቼህ ውሃዬን እቀዳለሁ። ይምታኝና ይለቅለት እላለሁ።

አንዳርጌ፦ ይህን ሁሉ የሚያዩ ሰው ቀጥሎ የሚመጣውንም ያዩታል። ዳኛው ከሳሽን ያስምላሉ። መስቀል አስይዘው "የወሰኑ ድንጋይ ከአባቶቼ ዘመን ጀምሮ ከቦታው አልተነሳም" ብለህ ማል ይላሉ።

ጓንጉል፦ አውቃለሁ።

አንዳርጌ፦ እሱ ነው ወይስ ወንዙ የሚያስፈራዎት?

ጓንጉል፦ ቃሉን ጥሰህ ስትሄድ ደሜ ፈላ። አገር እየሰማ! እኔ ጠርቼ ሰው አልቆመም! ጭቃ ሹሙ ዘንድ ሮጥኩ። "ቋጥረን!" አልኩት። መሐላ አልመጣልኝ፣ መስቀል አልመጣልኝ። ኩታዬ ከኩታህ ጋር ሲጠብቅ ነው ምን እንዳደረግኩ የገባኝ።

አንዳርጌ፦ እንግዲያው ይፍቱት። ቋጠሮው እጅዎ አጠገብ ነው። የፈታ ተረታ፣ ነገሩም እዚህ አለቀ። ማንም አይይዝዎትም። ጥጥ ነው፣ ብረት አይደለም።

ጓንጉል፦ አልፈታም።

አንዳርጌ፦ ለምን?

ጓንጉል፦ ሕግ የቋጠረውን በእጄ አልፈታም።

አንዳርጌ፦ መሻገርም አይፈልጉ፣ መፍታትም አይፈልጉ። እዚህ ስንበሰብስ ልንከርም ነው? እኔ ገባሁ። ወይ ይፍቱት ወይ ይከተሉኝ።

ጓንጉል፦ ተው! አንዳርጌ ተው! ቆይ፣ ዘንጌን ላንሳ። ቆይ እንጂ አንተ!

አንዳርጌ፦ ዘንግዎን ከላይ በኩል ይትከሉት፣ ውሃው በሚመጣበት። እንዲያ። እግርዎን አያንሱት፣ እየጎተቱ ይሂዱ።

ጓንጉል፦ ይበርዳል።

አንዳርጌ፦ ገና ጉልበት ነው።

ጓንጉል፦ የማን ጉልበት? የእኔን ወገብ አልፏል።

አንዳርጌ፦ ውሃውን አይዩት፣ ያዞርዎታል።

ጓንጉል፦ ካላየሁት እንዴት ላምነው? እፍ! አፌ ገባ። ጾሜን ሻረብኝ!

አንዳርጌ፦ ይትፉት። ያልዋጡት አይቆጠርም።

ጓንጉል፦ አንዳርጌ።

አንዳርጌ፦ አቤት።

ጓንጉል፦ እንዳትለቀኝ።

አንዳርጌ፦ ተቋጥረን የለም? ምኑን ነው የምለቀው?

ጓንጉል፦ ኩታው ላላብኝ።

አንዳርጌ፦ ስለረጠበ ነው። ይራመዱ።

ጓንጉል፦ ደረቴ ደረሰ።

አንዳርጌ፦ መሃሉ ነው። ከዚህ በኋላ ይጎድላል። እግሬ ሥር ደለል አለ፣ አንድ ሁለት እርምጃ ፈጠን እንበል፤ ከዚያ ወዲያ ጠጠር ነው።

ጓንጉል፦ ቁም።

አንዳርጌ፦ እዚህ ላይ አይቆምም! ይከተሉኝ!

ጓንጉል፦ ቁም እልሃለሁ! በሕግ አምላክ! አንዳርጌ! በሕግ አምላክ ቁም!

አንዳርጌ፦ ምን መጣ?

ጓንጉል፦ አትነቃነቅ! እንዳለህ ሁን። እንዳለህ። አለፈ። ያውልህ፣ እየው።

አንዳርጌ፦ ወይ አምላኬ! ግንድ ነው። ከነሥሩ።

ጓንጉል፦ ደረትህን ነክቶት ነው ያለፈው። አንድ እርምጃ ብትጨምር ይዞህ ሄዶ ነበር።

አንዳርጌ፦ እኔ እግሬ ሥር ነበር የማየው።

ጓንጉል፦ እኔ ደግሞ ላይ ላዩን። ና እንሂድ፣ ሌላ ሳይመጣ። ኧረ እግሬ! እግሬ ከዳኝ! አንዳርጌ!

አንዳርጌ፦ ያዝ! ኩታውን ያዝ! አንተ ሽማግሌ፣ ዘንጉን ጣለው! በሁለት እጅህ ያዝ! ክንድህ ላይ ጠምጥመው! አትንፈራገጥ፣ ሁለታችንንም ትጨርሰናለህ! እንደሱ። እንደሱ። መሬት ነካህ?

ጓንጉል፦ አልነካሁም!

አንዳርጌ፦ አሁንስ?

ጓንጉል፦ ነካሁ። ጠጠር ነው። ነካሁ።

አንዳርጌ፦ ውጣ። ውጣ፣ ውጣ። ሣሩን ያዝ። በቃ፣ ወጣን።

ጓንጉል፦ ትንሽ ልተንፍስ። አንተ አልከኝ።

አንዳርጌ፦ እኔ?

ጓንጉል፦ "አንተ ሽማግሌ" አልከኝ።

አንዳርጌ፦ ወንዙ ነው ያለው። እኔ እርስዎን አንተ አልልም።

ጓንጉል፦ ወንዙስ ደግ አደረገ። ዘንጌን ወሰደው እንጂ። ወይራ ነበር። ኩታህን ጭመቅ፣ ዳኛ ፊት እየተንጠባጠብን አንቀርብም። ቆይ። ቋጠሮው የታለ?

አንዳርጌ፦ የቱ?

ጓንጉል፦ ቋጠሮው! ኩታዬ ለብቻው ነው፣ ኩታህ ለብቻው። የእኔ ጫፍ እጅህ ላይ ነው የተጠመጠመው። እጅህን ክፈት እስቲ።

አንዳርጌ፦ አልከፈት ብሎኛል። ደንዝዟል።

ጓንጉል፦ መቼ ነው የተፈታው?

አንዳርጌ፦ ላላብኝ ያሉኝ ጊዜ።

ጓንጉል፦ ስለረጠበ ነው አልከኝ እኮ!

አንዳርጌ፦ ተፈታ ብልዎ ይደነግጡ ነበር። የደነገጠ ሰው ውሃ ውስጥ አይያዝም።

ጓንጉል፦ ከዚያ ጀምረህ በእጅህ ነው የያዝከኝ? ግንዱ ሲመጣም? ስወድቅም?

አንዳርጌ፦ በእጄ ነው።

ጓንጉል፦ ብትለቀኝ ማን ያይህ ነበር? ቋጠሮውን ውሃ ፈታው፣ ሽማግሌውንም ውሃ ወሰደው። ክስ የለ፣ ከሳሽ የለ። እናትህንም አላታለልካት፣ ዱላ አላነሳህ።

አንዳርጌ፦ እርስዎ ከሌሉ "ለምን አልቆምክም?" የሚለኝ ዳኛ ከየት አመጣለሁ?

ጓንጉል፦ ለሱ ብለህ ብቻ ነው?

አንዳርጌ፦ እኔንጃ። እጄ አልለቅ አለ። አይጠይቁኝ አሁን።

ጓንጉል፦ ሌላም ልጠይቅህ ነው። ማሳው ላይ ሦስት ጊዜ ጠርቼህ ያልቆምክ ሰው፣ ውሃው መሃል ለምን ቆምክ?

አንዳርጌ፦ ሳላስበው ነው። እርስዎ ሲጮሁ አንድ እግሬን አንስቼ ነበር። እንዳነሳሁት ቀረ።

ጓንጉል፦ እንደ አስረስ።

አንዳርጌ፦ እንደ አስረስ። እኔ ከሱ የተሻልኩ መስሎኝ ነበር።

ጓንጉል፦ ያን ቃል ስንት ዘመን ጠራሁት። ሰው ላድንበት ስጠራው ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

አንዳርጌ፦ ፀሐይዋ እየሄደች ነው አያ ጓንጉል።

ጓንጉል፦ አያታለሁ። እንደርሳለን። ትንሽ ቁጭ በል፣ ወገቤ ይረፍ።

አንዳርጌ፦ እሺ።

ጓንጉል፦ ወገቤ ከባድ ነገር አንስቼ ነው ስልህ፣ "ምን አንስተው ነው?" ብለህ አልጠየቅከኝም።

አንዳርጌ፦ ለዳኛው ትቼው ነው።

ጓንጉል፦ መጀመሪያ ስጠራው እውነት መስሎኝ ነው። አባቴ ወሰናችን ግራሯ ናት ይለኝ ነበር። በሁለተኛው ተጠራጥሬ ነበር፣ ግን አፌ ቀድሞ ለምዶታል። ሦስተኛው ላይ አውቃለሁ። አውቄ ነው የጠራሁት። አስረስ እንደሚቆም አውቃለሁና።

አንዳርጌ፦ ድንጋዩስ?

ጓንጉል፦ ድንጋዩ የቀድሞ ቦታው ላይ እንደተቀመጠ ነበር። እኔ አልፌው አርሻለሁ፣ እሱ ማሳዬ መሃል ቀረ። ባረስኩ ቁጥር ያየኛል። በሬዎቹ ሳይቀሩ ይዞሩታል። አባትህ አልጋ ላይ እያለ፣ አንድ ጠዋት ብቻዬን ሄድኩ። አቅፌ አነሳሁት። አዲሱ ቦታ ሳስቀምጠው ወገቤ ቀጭ አለ። እንዴት ሆንክ ላለኝ ሁሉ እንጨት ስፈልጥ ነው አልኩ።

አንዳርጌ፦ ቀብሩ ላይ።

ጓንጉል፦ አንድ እፍኝ አፈር ለማንሳት መጎንበስ አልቻልኩም። አብሬው ስንት ዓመት ያረስኩትን ሰው ሳላለብሰው ቀረሁ።

አንዳርጌ፦ ስንት እርምጃ ወሰዱት?

ጓንጉል፦ ዐሥራ ሁለት።

አንዳርጌ፦ እኔ ዐሥር ነበር የምለው።

ጓንጉል፦ ዐሥራ ሁለት ነው። ተሸክሜው ቆጥሬያለሁ።

አንዳርጌ፦ ይህን ከአፍዎ የሰማሁ ቀን ምን እንደማደርግዎት አራት ዓመት ሙሉ አስቤ ነበር። ስንቱን አሰብኩ! አሁን እጄ እንኳ አልዘረጋ ብሏል።

ጓንጉል፦ አምጣው እጅህን። ላሽልህ። ጣትህን ቀስ አድርገህ። ይኸው፣ ተከፈተ።

አንዳርጌ፦ ኩታዎን ይውሰዱ። ነጻ ነዎት።

ጓንጉል፦ አልወስድም። መልሰህ ቋጥረው።

አንዳርጌ፦ የጭቃ ሹሙ ቋጠሮ አይደለም ይሉናል።

ጓንጉል፦ ውሃ ፈታው፣ ይህ ልጅ በእጁ ያዘው እላለሁ። ይህን አልደብቅም።

አንዳርጌ፦ መስቀሉን ሲያስይዙዎትስ?

ጓንጉል፦ አልይዘውም።

አንዳርጌ፦ ያልማለ ተረታ ነው የሚባለው።

ጓንጉል፦ አውቃለሁ።

አንዳርጌ፦ ለምን አትምልም ብለው ሲጠይቁዎትስ? የተናገሩኝን ለዳኛው ይናገሩታል?

ጓንጉል፦ እፈራለሁ። እዚህ ሣር ላይ ነው የወጣልኝ። እዚያ ሰው ሁሉ ሲያየኝ ተመልሶ እንዳይገባ እፈራለሁ። ስለዚህ እንዲህ እናድርግ። ሲጠሩን ቀድሞ የሚናገር ከሳሽ ነው። እኔ ተራዬን ለሱ ሰጥቻለሁ ብዬ ዝም እላለሁ። አንተ ጀምር።

አንዳርጌ፦ ከየት ልጀምር?

ጓንጉል፦ ከአንበጣው ዓመት። ማክሰኞ ማክሰኞ የሚሆነውን ንገራቸው፣ ዳልቻን አትርሳ። አንድ እግሩን አንስቶ እንደቀረ ንገር። ድንጋዩ ጋ ስትደርስ ወደ እኔ ዙርና ስንት እርምጃ ነው በለኝ። ዐሥራ ሁለት እላለሁ። ያንን እችላለሁ።

አንዳርጌ፦ መሃል ላይ ቢያፍሩስ? ቢጮሁብኝስ? ቃሉን ከጠሩብኝ እኮ እቆማለሁ አያ ጓንጉል፤ ዛሬ አይቻለሁ፣ እቆማለሁ።

ጓንጉል፦ አጥብቀህ ቋጥረው። ተነስ፣ ቅደመኝ። እስከ ትልሙ ጫፍ ተናገር፤ ቁም አልልህም።